ሁለተኛዋ ድመት ወደ ቤት ስትገባ

ሁለተኛ ድመት የሚያመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ይህን ነው፦ ካርቶኑን ሳሎን መሃል ያስቀምጣል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ «ይተዋወቁ» ብሎ ዳር ይዞ ያያል። ቀጥሎ የሚሆነውም የታወቀ ነው። ነባሯ ጠጉሯን አቁማ ፍሽሽ ትላለች። መጤዋ ሶፋ ሥር ትገባና እስከ ማግሥቱ አትወጣም፤ ወይም ሁለቱ ተያይዘው መጋረጃ ያወርዳሉ። የቤቱ ሰው «ቀናች» ይላል። ጥቂት ቀን ይታገሥና አንዷን ለጎረቤት ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከእንስሳት መጠለያ ድመት ወስደው ሌላ ድመት ወዳለበት ቤት ያስገቡ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ግማሽ ያህሉ ድመቶቹ ገና ሲገናኙ ወደ መቧጨርና መናከስ እንደገቡ ተናግረዋል። በመጀመሪያው ቀን የተነካከሱት ደግሞ ከወራት በኋላም የመጣላት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ «መጀመሪያ ይጣሉ፣ በኋላ ይለምዳሉ» የሚለው ምክር ለድመት አይሠራም። የመጀመሪያው ጠብ ብዙ ጊዜ የሁለተኛው መጀመሪያ ነው።

ጉዳዩም ቅናት አይደለም። ሁለቱን ድመቶች እንደ ጣውንት፣ ራሳችንን ደግሞ እንደ ባልየው ማየት ደስ ይለን ይሆናል፤ ነባሯን ያሳሰባት ግን እኛ አይደለንም፣ መሬቱ ነው። የቤት ድመት ዝርያዋ የሚመዘዘው ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ዛሬም ድረስ ከሚኖረው የዱር ድመት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ይህ የዱር ድመት የሚኖረው አይጥና የመሳሰሉትን እያደነ ነው። አንድ አይጥ ደግሞ ለሁለት አይበቃም። አንበሶች ጎሽ ጥለው በመንጋ ይበላሉ፤ ድመት ግን ለብቻዋ አድና፣ ለብቻዋ፣ በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ ጥቂት ጥቂት እያለች ትበላለች። ስለዚህ የማታውቃት ሌላ ድመት ለእርሷ አጋር አይደለችም፤ ከአደን መሬቷ የምትቀንስባት ናት። ሳህን ሙሉ ምግብ ቢቀርብላትም ይህ ስሌት ከውስጧ አይወጣም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ታዲያ ሉካንዳ ቤት ደጃፍ አምስትና ስድስት ድመት ተሰብስቦ የምናየውስ? እዚያ ምግቡ የተትረፈረፈ ነው። እንዲህ ያለው ስብስብ ብዙውን ጊዜ በዝምድና የተሳሰረ ነው፤ እናት፣ ሴት ልጆቿ፣ እኅቶቿ አብረው ይኖራሉ፣ ግልገሎችንም እየተጋገዙ ያሳድጋሉ። ከሌላ ሰፈር የመጣች ድመት ግን እዚያ ዘው ብላ አትገባም፤ ትባረራለች። ከገባችም ለብዙ ቀን ዳር ዳሩን ስትዞር ከቆየች በኋላ ነው። ድመት አብሮ መኖር አትችልም ማለት አይደለም፤ ከማን ጋርና በምን ፍጥነት የሚለውን ራሷ መወሰን ትፈልጋለች ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ውሻ ሲሸነፍ ጭራውን በእግሮቹ መሃል አስገብቶ፣ ተንጋሎ ሆዱን እያሳየ ጠቡን የሚያበርድበት መንገድ አለው። ድመት እንዲህ ያለ የዕርቅ ሥርዓት እምብዛም የላትም። ያላት መሸሽ፣ መራቅና መደበቅ ነው። መሸሻ በሌለበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የተጣሉ ድመቶች በገዛ ራሳቸው አይታረቁም። የእኛ ሥራ እንግዲህ ማስታረቅ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጠብ እንዳይፈጠር ማድረግ ነው።

አፍንጫ ይቅደም

ድመት በጉንጯ፣ በአገጯ፣ በግንባሯ፣ በጭራዋ ሥርና በመዳፏ ላይ ጠረን የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት። የጠረጴዛ እግር ላይ ጉንጯን ስትፈትግ፣ በእግራችን መሃል ስትሽሎከሎክ፣ የሶፋውን ክንድ በጥፍሯ ስትቧጭር ይህን ጠረን እየተወች ነው። አብረው የሚኖሩና የሚዋደዱ ድመቶች ርስ በርስ ሲተሻሹ የጋራ ጠረን ይፈጥራሉ፤ ያ ጠረን ያለው የቤት ልጅ፣ የሌለው ባዕድ ነው። አንዳንድ ጊዜ ድመት አንድ ነገር አሽትታ አፏን ከፈት አድርጋ፣ የላይኛውን ከንፈሯን ሰብስባ ስትቀር አይተው ይሆናል። የተቆጣች ትመስላለች፤ ግን ጠረኑን ላንቃዋ ላይ ወዳለው ልዩ የማሽተቻ አካል እያስገባች ነው። ድመት መረጃ የምትሰበስበው በዚህ ሁሉ ነው። ካርቶኑን ሳሎን መሃል መክፈት ይህን ሁሉ ዘሎ በመጨረሻው ደረጃ መጀመር ይሆናል። መጤዋ በአካል ከመታየቷ ብዙ ቀን አስቀድሞ ቤቱ ጠረኗን መልመድ፣ እርሷም የቤቱን ጠረን መልመድ አለባት።

መጤዋን ገላዋን አጥቦ ማስገባት የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ንጽሕናን አስበው ነው። ነገር ግን ድመቷ በማታውቀው ቤት ውስጥ የራሷን ጠረን እንኳ አጥታ፣ በእርጥብ ጠጉር ትንቀጠቀጣለች። ቁንጫ ካለባት የእንስሳት ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አለ። የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ግን ድመት ላይ አይደረግም፤ ፐርሜትሪን የሚባለው በብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው ኬሚካል ድመትን ይገድላል።

ወደ ሐኪም መሄዱ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል፤ እዚህ ላይ ማቻቻል የለም። ከመንገድ የተነሣች ወይም ከሰው ግቢ የመጣች ድመት የጉንፋን ቫይረሶችን፣ የጥገኛ ትላትልን፣ የጆሮ እከክን፣ ወደ ሰውም የሚተላለፈውን ጭርት ይዛ ልትገባ ትችላለች። ከሁሉም የሚከፋው ግልገሎችን በትውከትና በተቅማጥ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚፈጀው ፓንሉኮፔኒያ ነው፤ ቫይረሱ ከድመቷ አካል ውጭ፣ ወለልና ጨርቅ ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ለጉንፋን ቫይረሶቹና ለፓንሉኮፔኒያ ክትባት አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ድመቷ ሦስት ወር ከሞላት ጀምሮ ይሰጣል። የበሽታው ስም ውሻን ብቻ የሚመለከት ይመስላል እንጂ ድመትም ይይዛታል፣ ታስተላልፋለችም። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ከመጠለያ የሚወሰዱ ድመቶች አብዛኛውን ጊዜ ተከትበውና መክነው ነው የሚሰጡት፤ አገር ቤት ግን ይህ የአሳዳጊው ኃላፊነት ነው። ነባሯም ክትባቷ ካለፈ አብራ መከተብ ይኖርባታል።

ማምከኑ ብዙዎቻችን የምንሸሸው ርእስ ነው፤ ጭካኔ ይመስለናል። ያልመከነ ወንድ ድመት ግን ግድግዳና መጋረጃ ላይ ሽንቱን እየረጨ ድንበር ያሠምራል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ ከወንድ ጋር ሁሉ ይጣላል። መምከን ይህን ጠባይ በአብዛኞቹ ላይ ያስቀራል። ሴቷ ደግሞ ገና በአራትና በአምስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ብቻ ስለሚፈጅ ሁለት ድመት የነበረው ቤት ሳይታሰብ ሰባት ይሆናል። «ወንድ ላምጣ ወይስ ሴት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከጾታው ይልቅ የመከነ መሆኑ ላይ ነው።

ዕድሜና ጠባይም ይታሰብ። የአሥራ ሁለት ዓመት አሮጊት ድመት ላይ የሦስት ወር ግልገል ማምጣት ለአሮጊቷ ቅጣት ነው፤ ግልገሏ ቀኑን ሙሉ ጭራዋ ላይ ስትዘል ትውላለች። ረጋ ያለች፣ ዕድሜዋ ከነባሯ ብዙም ያልራቀ፣ ቀድሞ ከሌላ ድመት ጋር የኖረች ብትሆን ይሻላል። ድመት ከሌሎች ጋር መኖርን በዋናነት የምትማረው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው የዕድሜ ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ዓይኗን እንደገለጠች ከእናቷ የምትነጠል ግልገል ይህን ትምህርት ሳትጨርስ ነው የምትወጣው፤ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ብትቆይ መልካም ነው። ቤትዎ ገና ድመት ከሌለውና ሁለት የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሆድ የወጡ ሁለት እኅትማማቾችን አንድ ላይ መውሰድ ከዚህ በታች ካለው ድካም አብዛኛውን ያስቀራል።

«ብቻዋን ስለሆነች ትከፋለች» ብለው ሁለተኛ ለማምጣት ያሰቡም አሉ። ብዙ ጊዜ የከፋን እኛ ነን። የተሰላቸች ድመት በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ በገመድ ቢያጫውቷት የሚበቃት ልትሆን ትችላለች። ይህን ሞክሮ ማየት ሌላ ድመት ከማምጣት ይቀላል።

በር ያለው አንድ ክፍል

መጤዋ ከመምጣቷ በፊት የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ይዘጋጅላት። ውኃ፣ ምግብ፣ የምትደበቅበት በጎኑ የተቀደደ ካርቶን፣ የምትቧጭረው ገመድ የተጠመጠመበት እንጨት፣ ከምግቡ ራቅ ብሎ ደግሞ አሸዋ ያለበት ሳፋ። የድመት አሸዋ የሚሸጥበት አገር ያለ ሰው ከሱቅ ይገዛል፤ ከሌለ የተነፋ የግንባታ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ይሠራል። ነባሯ በጣም የምትወደውንና የምትተኛበትን ክፍል አይስጡባት፤ መሬቷን የተነጠቀች ያህል ነው።

ግቢ ላለው ሰው ሰርቪሱ ለዚህ የተመቸ ነው። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ግን ያለው በር የመታጠቢያ ቤቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ሳምንት እርሱም ያገለግላል፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ በሩን የሚዘጋ ከሆነ። እርሱም ካልተቻለ ትልቅ የውሻ ጎጆ ወይም የሽቦ ቤት በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከሁሉ ያነሰው አማራጭ ነው፣ ሳሎን መሃል ከመክፈት ግን እጅግ ይሻላል።

ድመትን በማዳበሪያ አስሮ ማምጣት የለመደ ሰው አለ። እስከ ቤት የሚደርሰው ፍርሃት ብቻውን ሳምንት ያስከፍላል። ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ካርቶን ወይም ክዳን ያለው ቅርጫት ይበቃል፤ ከነበረችበት ቤት የተኛችበትን ጨርቅ ሳይታጠብ አብሮ ማምጣትም ብልኅነት ነው። ክፍሉ ውስጥ አስገብተው ይክፈቱትና ይውጡ። የመጀመሪያውን ቀን ላትበላ ትችላለች። ሁለት ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ግን ሐኪም ይጠራ፤ ረጅም ጾም የድመትን ጉበት ክፉኛ ይጎዳል። እየሄዱ ወለሉ ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ያንብቡ፣ አያሳድዷት። በራሷ ጊዜ ትመጣለች።

የነባሯ ኑሮ እንዳለ ይቀጥል። የምትበላበት ሰዓት፣ የምትተኛበት ቦታ፣ ማታ ማታ የምታገኘው መታሸት አንዱም አይቀየር። ከበሩ ሥር የሚመጣውን ጠረን አሽትታ ብታጉረመርም አይገሥጿት፤ ዜና እየሰማች ነው።

ይህ መለያየት ቢያንስ አሥር ቀን፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት ይቆይ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተደብቆ የነበረ በሽታ ካለ ይወጣል፤ ከመጤዋ ክፍል በወጡ ቁጥር እጅ መታጠብም ለዚሁ ነው።

መጤዋ መብላትና መጫወት ስትጀምር የጠረን ልውውጡ ይጀመር። ንጹሕ ካልሲ ወይም ለስላሳ ጨርቅ ወስደው የመጤዋን ጉንጭና አገጭ በዝግታ ይሹት፤ ከዚያ ነባሯ በምትመላለስበት ቦታ ወለሉ ላይ ይተዉት። የነባሯንም እንዲሁ ለመጤዋ። ጨርቁን አፍንጫዋ ሥር መደቀን ወይም ምግብ ሳህኗ ላይ ማድረግ አያስፈልግም። ፍሽ ብላ ከሸሸች ጨርቁ እዚያው ይቆይ፣ በማግሥቱ ሌላ ይጨመር። አሽትታ ችላ ብላ ስትሄድ፣ ወይም ጭራሽ ጉንጯን ስትፈትግበት፣ ትልቁ ሥራ ተሠርቷል። ቀጥሎ ክፍል ማቀያየር ነው፦ ነባሯ መኝታ ቤት ተዘግታ ሳለ መጤዋ ለአንድ ሰዓት ያህል ቤቱን ትዙር፤ ነባሯ ደግሞ በመጤዋ ክፍል ትንሽ ታሽትት። አንዷ ሌላዋን ሳታያት ቤቱ የጋራ መሽተት ይጀምራል።

ምግብ በዝግ በር ግራና ቀኝ

ከዚህ በኋላ ምግብ ወደ ሥራው ይገባል። የሁለቱ ሳህኖች በአንድ ዝግ በር ወዲያና ወዲህ ይቀመጡ፣ መጀመሪያ ከበሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው። ተረጋግተው ከበሉ በየቀኑ በስንዝር ወደ በሩ ይጠጉ። አንዷ በሩን እያየች መብላት ካቆመች ፍጥነቱ በዝቷል፤ ወደ ትናንትናው ቦታ ይመለሱ። ሥራውን የምትመራው ሁልጊዜ ከሁለቱ የምትፈራዋ ናት።

ለዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምግብ ከዕለት ምግባቸው የጣመ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጨውም ቅመምም ሳይነካው የተቀቀለ ዶሮ በቂ ነው። የወጥ ትርፍ ግን አይሁን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የበሰሉም ቢሆኑ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። መቼም ቤቱ በጾም ላይ ስላለ ድመቷም በሽሮ ፍትፍት ትክረም የሚል አይጠፋም። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ የምታገኘው ከእንስሳት ሥጋ ብቻ ነው፣ ሲጎድልባት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። የተራበች ድመትን ከሌላዋ ጋር ማላመድም ከንቱ ድካም ነው።

በሩ ሥር አጠገብ ለአጠገብ ሆነው ያለ ጭንቀት ሲበሉ በሩ ሁለት ጣት ያህል ይከፈት፤ ከዚያ በላይ እንዳይገፋ ወንበር ወይም ሽብልቅ ይደረግበት። የመስታወት በር ወይም ወንፊት ሽቦ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። መጀመሪያ የሚተያዩት ለአንድና ለሁለት ደቂቃ፣ ለዚያውም እየበሉ ነው። ተያይተው፣ ዓይናቸውን መልሰው ወደ ሳህናቸው ሲዞሩ ይበቃል፤ በሩ ይዘጋ። ረጅም ከመሆኑ ይልቅ በመልካም ማለቁ ይቅደም። አንድ ጊዜ ፍሽ ማለት አያስደነግጥ፣ «ከዚህ አትለፊ» ማለት ነው እንጂ ጦርነት አይደለም። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው፦ ዓይኗን ሳታርገበግብ አትኩራ የምታይ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ የለጠፈች፣ የጭራዋን ጫፍ የምታወናጭፍ፣ መሬት ለመሬት የምትጎተት ድመት ልትዘል ነው።

በግልጽ የሚገናኙበት ቀን ሁለቱም የጠገቡ፣ ክፍሉም ከአንድ በላይ መውጫ ያለው ይሁን። ቁም ሳጥን ላይ መውጣት፣ ካርቶን ውስጥ መግባት ይቻል። አንዷን ታቅፎ ወደ ሌላዋ ማስጠጋት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ የታቀፈች ድመት መሸሽ ስለማትችል የምትቧጭረው ያቀፋትን ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ በረጅም ክር እያጫወቷቸው፣ ተራርቀው፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። መፋጠጥ ሲጀመር መሃላቸው ሰፊ ካርቶን ወይም ትራስ ያስገቡና አንዷን በቀስታ ወደ ክፍሏ ይሸኟት። መጮኽ፣ ውኃ መርጨት፣ በጫማ ማስፈራራት አይረዳም። ድመቷ የምትማረው «ያቺ ስትመጣ ክፉ ነገር ይመጣል» የሚለውን ነው፣ እኛ ልናስተምር ካሰብነው ተቃራኒውን ማለት ነው።

ከተያያዙ ደግሞ እጅዎን መሃል አያስገቡ። ብርድ ልብስ ይጣሉባቸው፣ ወይም በካርቶን ይለዩአቸው። በንዴት ላይ ያለች ድመት የምትወደውን ሰው ትነክሳለች፣ ንዴቱም ለሰዓታት ላይበርድ ይችላል፤ ጨለማና ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ይተዋት። የድመት ጥርስ ቀጭን ሆኖ በጥልቀት ስለሚገባ ቁስሉ ከላይ ትንሽ ይመስላል፣ ውስጥ ግን በቀላሉ ያመረቅዛል። በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር፣ በተለይ የነከሰችው ያልተከተበች ድመት ከሆነች፣ ጸረ-ራቢስ ክትባቱ ለነገ የማይባል ነው። ድመቷም ሳትገደል ለ10 ቀን ተዘግታ ትታይ።

ሁሉን በሁለት

አብረው መዋል ሲጀምሩ ሰላሙን የሚያቆየው የቤቱ አደረጃጀት ነው። የእንስሳት ጠባይ ባለሙያዎች የሚመክሩት የአሸዋ ሳፋው ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ ነው፤ ለሁለት ድመት ሦስት። ጎን ለጎን የተደረደሩ ሦስት ሳፋዎች ለድመት እንደ አንድ ናቸው፤ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይሁኑ። ለጠባብ ቤት ይህ ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቢያንስ ሁለቱ በተለያየ ክፍል ይሁኑና በየቀኑ ይጽዱ። በየቀኑ ማጽዳቱ ለሰውም ይጠቅማል፤ ከድመት ዐይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከወጣ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ሳፋውን ሌላ ሰው ይጥረገው። የምግብ ሳህኖቹም አንዷ ሌላዋን በማታይበት ቦታ ይሁኑ። ተጎራብተው ሲበሉ ደስ ይላል፣ ግን ብዙ ጊዜ የምናየው መዋደድን ሳይሆን በፍርሃት ቶሎ ቶሎ መዋጥን ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ድምፅ የሌለው ጉልበተኝነት ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ጩኸት የለም፣ ደም የለም። አንዷ ኮሪደሩ መሃል ወይም የሳፋው መንገድ ላይ ተዘርግታ ትተኛለች፤ ለእኛ የምታርፍ ትመስላለች። ሌላዋ ግን ማለፍ አትችልም። ቀኑን አልጋ ሥር ትውላለች፣ የምትወጣው ሌሊት ነው፣ እየከሳች ትሄዳለች፣ ሆዷን እየላሰች ጠጉሯን ትጨርሳለች፣ በመጨረሻም አልጋ ላይ ትሸናለች። የምትመታው እርሷ ናት፣ «ባለጌ» ተብላ። መፍትሔው ሁለተኛ መንገድ መፍጠር ነው፦ ወንበርና መደርደሪያ በደረጃ አድርጎ ከፍ ያለ መተላለፊያ መሥራት፣ ሳፋውን ሁለት መውጫ ወዳለው ቦታ ማዛወር፣ ካስፈለገም በር ዘግቶ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደነበረው ደረጃ መመለስ። የተሸናበት ቦታ በዱቄት ሳሙና ውኃ ታጥቦ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፤ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ለድመት አፍንጫ ሽንት ሽንት ስለሚል እዚያው ይጠራታል። አንድ ነገር ግን በጠባይ አይመካኝ፦ ወንድ ድመት ሳፋው ላይ ደጋግሞ እያማጠ ሽንት ካልወጣው የሽንት ቧንቧው ተደፍኗል፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ካላየው ሊሞት ይችላል።

ጨዋታን ከጠብ መለየትም ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመና በብዙ የድመት ቪዲዮዎች ላይ የተመሠረተ ጥናት እንዳሳየው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ተያይዘው መንከባለል ወደ ጨዋታ ያመዝናል፤ ማጉረምረም፣ መጮኽና ማሳደድ ወደ ጠብ። እኔ የማየው ተራውን ነው። አሁን አንዷ ከላይ፣ ቀጥሎ ሌላዋ ከላይ ከሆነች፣ ስታቆምም ሌላዋ ተመልሳ ከመጣች ይጫወታሉ። ሁልጊዜ አንዷ አሳዳጅ ሌላዋ ተሳዳጅ ከሆነች ጨዋታ አይደለም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ግልገል በአንድና በሁለት ሳምንት ልትላመድ ትችላለች፤ ሁለት ያደጉ ድመቶች ከሳምንታት እስከ ወራት። የድመትን የጉንጭ ጠረን አስመስለው የተሠሩ፣ ፌሊዌይ በሚል ስም በውጭ አገር የሚሸጡ የሶኬት መሣሪያዎች አሉ። ለአንዳንዶቹ ያግዛሉ፣ በሩንና ትዕግሥቱን ግን አይተኩም። ግቢ ላለው ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ አለ፤ መጤዋ ቤቱን የራሷ እስክታደርግ ሦስትና አራት ሳምንት ሳትወጣ ትቆይ፣ ከዚያም መጀመሪያ የምትወጣው ሳትበላ፣ የምግብ ሰዓቷ ሲደርስ ይሁን፣ እንድትመለስ።

ድመቶቹ ጭራቸውን ቀጥ አድርገው ሲቀራረቡ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ሲነካኩ፣ አንገት ላንገት ሲላላሱ፣ ተደጋግፈው ሲተኙ ካዩ ዕድልዎ ሰምሯል። ይህን ያህል ላይደርሱም ይችላሉ። አንዷ በመስኮቱ፣ ሌላዋ በቁም ሳጥኑ ላይ፣ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ መንገድ እየተለቃቀቁ ለዓመታት የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ይህም ሰላም ነው፤ አብረው እንዲተኙ ማስገደድ የደረሰውን ሰላም ማፍረስ ነው። ከወራት በኋላም አንዷ ከአልጋ ሥር የማትወጣ ከሆነ ግን ቤቱን በበር ለይቶ ለሁለት መክፈል፣ ወይም ሌላ ድመት ለሌለበት ጥሩ ቤት መስጠት ከነውር አይቆጠርም።

የተላመዱትም አንድ ቀን ሊያስደነግጡ ይችላሉ። አንዷ ሐኪም ዘንድ ውላ ስትመለስ፣ ለዓመታት አብራት የተኛችው ጠጉሯን አቁማ ፍሽ ትላታለች፤ የመድኃኒትና የሌላ እንስሳ ጠረን ይዛ ስለገባች አላወቀቻትም። ያን ዕለት የተመለሰችው ለብቻዋ ትደር። ከሌላዋ መኝታ የተነሣ ጨርቅ አብሯት ይሁን፣ ጠዋትም በሩ ከመከፈቱ በፊት ሁለቱም በዝግ በር ግራና ቀኝ ይብሉ።